ፖከር ከየት ልጀምር ላልከው

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። «ኮንከርና ክሬዚ እችላለሁ፣ ፖከር ግን ግራ ገባኝ፤ የካርታውን ደረጃ ሸምድጄ ልጀምር ወይስ ዝም ብዬ ልግባበት?» ነው ያልከው። እኔም ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ሐዋሳ እንዳንተው ነበርኩ። ሽምደዳውን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ ማራገፍ ያለብህ የኮንከር ልማድህን ነው።

ኮንከር ላይ መጥፎ ካርታ ቢደርስህ እየሳብክ እየጣልክ ታስተካክለዋለህ። ፖከር ላይ (የማወራህ በብዛት ስለሚጫወቱት ስለ ቴክሳስ ሆልደም ነው) መሳብ የለም፣ መቀየር የለም፣ ጆከርም የለም። ሁለት ካርታ ይታደልሃል፣ በቃ። ሌላው 5 ካርታ መሀል ላይ ለሁሉም በግልጽ ይዘረጋል። መጀመሪያ ሦስት አንድ ላይ፣ ፍሎፕ ይሉታል። ከዚያ አንድ፣ ተርን። ከዚያ የመጨረሻዋ፣ ሪቨር። ከ7ቱ መርጦ ጥሩ 5 ያወጣ ይበላል። ወይም ደግሞ ሌላው ሁሉ ፈርቶ ከጣለ፣ እጁ ላይ ምንም የሌለው ሰውዬም ይበላል። ኮንከር የለመደን ሰው የምታስቸግረው ይቺ ሁለተኛዋ ናት።

እኛ የምንጫወተው አቶቴ አካባቢ አንድ ጓደኛችን ግቢ ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ብር አናስይዝም፣ አንተም እየተማርክ አታስይዝ። መጀመሪያ የምንወራረደው በገብስ ቆሎ ነበር። ግን አንዱ ልጅ ሲያስብ ይቆረጥማል፣ ጨዋታው ሳያልቅ ንብረቱን በልቶ ይጨርሳል። ከዚያ ወደ ቆርኪ ዞርን። የቢራ ቆርኪ 1፣ የለስላሳ 5። ከሰፈር ግሮሰሪ በፌስታል ሰበሰብን።

ውርርዱ ቀላል ነው። ከአዳዩ በስተግራ ያለው ትንሿን ብላይንድ (የግዴታ ማስያዣ ናት)፣ ቀጥሎ ያለው ትልቋን (አብዛኛውን ጊዜ እጥፍ ናት) ካርታ ሳያይ ያስቀምጣል። ተራህ ሲደርስ ወይ ፎልድ ብለህ ትጥላለህ፣ ወይ ኮል ብለህ የተባለውን ያህል ታስቀምጣለህ፣ ወይ ሬይዝ ብለህ ትጨምራለህ። ገና ማንም ካላስያዘ ቼክ ብለህ በነጻ ታልፋለህ። ይሄ ቢበዛ 4 ጊዜ ይዞራል፤ ሁለቱ ካርታ እንደታደለ፣ ከዚያ ከፍሎፕ፣ ከተርን፣ ከሪቨር በኋላ።

ደረጃው ከታች ሲጀምር ጥንድ፣ ሁለት ጥንድ፣ ሦስት ተመሳሳይ፣ ስትሬይት ማለትም 5 ተከታታይ ቁጥር፣ ፍላሽ ማለትም 5ቱም አንድ ምልክት (ሁሉም ቀይ ልብ እንበል)፣ ፉል ሃውስ ማለትም ሦስት ተመሳሳይ ከጥንድ ጋር፣ አራት ተመሳሳይ፣ ከሁሉም በላይ ስትሬይት ፍላሽ። ምንም ጥንድ የሌለው በትልቁ ካርታው ይወዳደራል። እኔን ከሽምደዳ የገላገለችኝ አንድ ነገር ናት፦ ለማግኘት የሚከብደው ይበልጣል። ከ52 ካርታ 2,598,960 ዓይነት የ5 ካርታ እጅ ይወጣል። ከዚያ ውስጥ ስትሬይት 10,200፣ ፍላሽ 5,108፣ ፉል ሃውስ 3,744 ብቻ ነው።

አሁን የኔን ጉድ ልንገርህ። አንድ ቀን ኩዊን፣ ኪንግ፣ ኤስ፣ ሁለት፣ ሦስት ዘርግቼ «ስትሬይት!» ብዬ ጮህኩ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ኤስ ከሁለት በታችም ከኪንግ በላይም ትሆናለች፣ መሀል ገብታ ግን ድልድይ አትሆንም። ሌላ ቀን ደግሞ መሀል ላይ 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9 ተዘርግቶ እኔ እጄ ላይ ባሉት ሁለት ኤሶች ተኮፍሼ ያለኝን ቆርኪ ሁሉ ገፋሁ። ስትሬይቱ እኮ የሁላችንም ነው! አንዷ ልጅ 10 ነበራት፣ ጠራርጋኝ ሄደች። የራስህን ሁለት ካርታ ብቻ አፍጥጠህ አትይ፣ መሀሉ ለሌላው ምን እንደሰጠው እይ።

ከፍሎፕ በኋላ 4 ቀይ ልብ ይዘህ አምስተኛዋን ስትጠብቅ ደግሞ ቁጠር። ቀይ ልብ 13 ነው፣ 4ቱን አይተሃል፣ 9 ቀረ። 9ን በ4 ብታባዛ 36፤ ሁለቱም ካርታ እስኪወጣ ያለህ ዕድል በመቶኛ ወደዚያ ነው፣ ትክክለኛው 35 ገደማ። አንድ ካርታ ብቻ ሲቀር በ2 አባዛ። እኔ ይሄን ሳላውቅ ሁልጊዜ «ትመጣለች» እያልኩ ነበር የምከፍለው።

ስልክህ ላይ ያወረድከው አፕ መጥፎ አይደለም፣ ግን ማን እንደበላ ራሱ ስለሚነግርህ ጭንቅላትህ አይሠራም። ሦስት አራት ሰው ፈልግና የመጀመሪያዎቹን 10 ዙር ካርታችሁን ገልጣችሁ ተጫወቱ፣ ማን ለምን እንደበለጠ እየተከራከራችሁ። እኛ ከዚያ በኋላ ነው መደበቅ የጀመርነው። ደግሞ ደካማ ካርታ ሲደርስህ ጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚደርስህ ደካማ ነው፣ መጣል ሽንፈት አይደለም።

ሐዋሳ ከሆንክ ቅዳሜ ና፣ ኢንቦክስ አድርግልኝ። ቆርኪ ሞልቷል። ቆሎ ከያዝክ ግን ለመብላት ብቻ ነው።