ፍየል ላላችሁ፣ በግም ልትጨምሩ ላሰባችሁ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ከእንስሳት ሕክምና ሥራዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንድ ጥያቄ ይደጋገምብኛል። «ጥቂት ፍየሎች አሉኝ፤ በግ ልጨምር?» የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ እዚሁ ባሕር ዳርና ዙሪያዋ ያሉ ወጣቶች ናቸው። መልሴ ጨምሩ ነው። ግን በጓን እንደ ሌላ ፍየል አትቁጠሯት። ብዙው ጣጣ የሚመጣው ከዚያ ነው።

እስቲ ቆም ብላችሁ አበላላቸውን እዩ። በግ አንገቷን ደፍታ ሳሩን ከሥሩ ትግጣለች። ፍየል ቀና ብላ፣ ሲያሻት በሁለት እግሯ ቆማ ቅጠል ትቀነጥባለች። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» የተባለው በከንቱ አይደለም። ቁጥቋጦም ሳርም ያለው ቦታ ካላችሁ ብዙም አይሻሙም።

ችግሩ ቁጥቋጦው ያለቀ ቀን ነው። ፍየሏም ወደ አጭሩ ሳር ትወርዳለች። የጨጓራ ትል እንቁላል ከበጠጥ ጋር መሬት ይወድቃል። የተፈለፈለው ትል እርጥብ ሳር ላይ ትንሽ ወጣ ብሎ የሚግጠውን ይጠብቃል። ትሉ ሁለቱንም ያጠቃል። ፍየል ግን ከፍ ያለውን ስትበላ የኖረች ናትና የመቋቋም አቅሟ ከበግ ያንሳል። በየሳምንቱ የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልበጥ አድርጋችሁ ውስጡን እዩት። ቀላ ካለ ደህና ነው። ነጣ ካለ ደሟ እያለቀ ነው፤ በክረምትና በክረምቱ ማግስት ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ትል ነው።

መድኃኒት ላይም ልዩነት አለ። ፍየል የትል መድኃኒት የሆነውን አልቤንዳዞልን ቶሎ ከሰውነቷ ታስወጣለች። ስለዚህ የበግ መጠን ብዙ ጊዜ አይበቃትም። በዓይን ግምት ከመስጠት ክብደቷን መዝናችሁ ሐኪም ጠይቁ። እርግዝናቸው ገና ለጀመረው ደግሞ ይህን መድኃኒት አትስጡ።

የሐይቅ ዳር ልጆች ሌላም ፈተና አለባችሁ። ክረምቱ አልፎ ጣና እየሸሸ ሲሄድ ባሕር ሽሹ ላይ ለምለም ሳር ይበቅላል። ሌላው መሬት ደርቆ ሳለ ያ አረንጓዴ ያጓጓል። ነገር ግን የጉበት ትል ሰፈሩ እሱ ነው። ትሉ በትናንሽ የውሃ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ አድጎ ይወጣና ሳሩ ላይ ይጣበቃል። ለበዓል በግ ስታርዱ ጉበቱ ላይ ነጭ፣ ጠንካራ ቱቦ አይታችሁ ይሆናል። በቢላ ስትሰነጥቁት ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ትል ይወጣል። ያ ነው። በግ በሕይወት እያለች ደግሞ መክሳቷና አገጯ ሥር ውሃ መቋጠሯ አንዱ ምልክት ነው።

እኔ ብሆን በጎቼን ረግረግ አላስገባም። ሳሩ የግድ ካስፈለገ ከፍ አድርጋችሁ እጨዱት፣ በፀሐይ በደንብ አድርቁት፣ ከዚያ በረት ውስጥ ስጡ። አደጋውን ሙሉ በሙሉ ባያጠፋውም ይቀንሰዋል። አልቤንዳዞል ያደገውን የጉበት ትል እንጂ ጉበት ውስጥ ገና የሚጓዘውን አይገድልም። ስለዚህ «መድኃኒት ሰጥቻለሁ» ብላችሁ አትዘናጉ። ጣናን የወረረውን አረም፣ እምቦጭን፣ መኖ እናድርገው የሚሉም አሉ። አብዛኛው ውሃ ነው፤ ሆድ ይሞላል እንጂ አያሞክትም።

አሁን ደግሞ ለፍየል የሚሆነው በግን የሚገድልበት ነገር። ፍየል መዳብ ያስፈልጋታል፣ ትችለዋለችም። በግ ግን ጉበቷ ውስጥ ታጠራቅመዋለች። ደህና ስትመስል ቆይታ ድንገት ዓይኗ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቷ ይጠቁራል፣ ትሞታለች። ስለዚህ ለፍየል፣ ለዶሮ ወይም ለላም የተዘጋጀ፣ መዳብ ሊኖረው የሚችል የማዕድን ቅልቅል በጎቹ በሚደርሱበት አታስቀምጡ። አሞሌ ጨው ለሁለቱም ይሆናል። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎም እንዲሁ፤ ግን በጥቂቱ ጀምራችሁ አለማምዷቸው።

ዝርያ ከጠየቃችሁኝ ዋሸራ እላለሁ። የዚሁ የጎጃም በግ ነው፤ ከባሕር ዳር በስተደቡብ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከልም ሠርቶበታል። ዋሸራ ቀንድ የለውም። ቀንዳም ፍየሎች ካሏችሁ ገንዳ ላይ በጎቹን እየወጉ ያስርቧቸዋል። ስለዚህ የመኖ ገንዳውን ለዩላቸው። ማደሪያው አንድ ቢሆንም ግድ የለም፤ ብቻ ወለሉ ደረቅ ይሁን። ይዳቀላሉ ወይ ለምትሉ፦ በግ 54፣ ፍየል 60 ክሮሞዞም አላት። ስሪያ ቢፈጽሙም ጽንሱ አብዛኛውን ጊዜ አይዘልቅም። ከተማ ውስጥ የምታረቡ ከዚህ ይልቅ ፌስታል ያሳስባችሁ። የዋጠችው ፌስታል አይፈጭም፤ ሆዷ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል።

ሲገዛ ጥርስ ይታያል፣ ጡት ይዳሰሳል፣ ይህን ገበያው ራሱ ያስተምራችኋል። ገበያው የማያስተምራችሁ አዲሷን በግ ለብቻ ማቆየትን ነው። ከገበያ ቀጥታ ወደ ፍየሎቹ አትቀላቅሏት። ሦስት ሳምንት ያህል ለብቻዋ ትቆይ። ደስታ መሰል የሚባለው ተላላፊ የበግና የፍየል በሽታም ሆነ ፈንጣጣ በአብዛኛው በዚህ ጊዜ ውስጥ ራሱን ያሳያል። ትኩሳት፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የአፍ ቁስል ወይም ተቅማጥ ካያችሁ ለሐኪም ሳትናገሩ ወደ ገበያ አትመልሷት፤ የሌላውንም በረት ታስጨርሳላችሁ። የደስታ መሰል ክትባት እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። ክትባቱ መቼ እንደሚሰጥ የቀበሌያችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ አሁኑኑ ጠይቁ። የዚያን ቀን በጎቹ ገና ለብቻቸው ከሆኑ ባለሙያውን መጀመሪያ ወደ ፍየሎቹ፣ ቀጥሎ ወደ በጎቹ ውሰዱት። ክትባቱ ለሁለቱም አንድ ነው።