የእንግሊዝኛ መስተዋድዶች አስቸግረዋችኋል? ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁም። እንግሊዝኛ ማስተማር ሥራዬ ነው። ተማሪዎቼን በብዛት የሚጥሏቸው ረጃጅሞቹ ቃላት አይደሉም። «ኢን»፣ «ኦን»፣ «አት»፣ «ቱ» እና «ፎር» ናቸው። ግሶችና ስሞች ከእነዚህ ጋር እንዴት እንደሚሄዱ ግራ የገባችሁን ሁሉ ጻፉልኝ፤ አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሪፖርት ላይ «ዊ ዲስከስድ አባውት ዘ ፕላን» ብዬ ጽፌ አለቃዬ «አባውት»ን ሰረዙብኝ። «ስለ ዕቅዱ ተወያየን» ለማለት ነበር። ታዲያ «ስለ» የት ገባ?

መልስ፦ አለቃሽ ልክ ናቸው። «ዲስከስ» «ስለ»ን በውስጡ ይዟል። «ዊ ዲስከስድ ዘ ፕላን» ብለሽ ትጨርሻለሽ። «ቶክ» ግን ብቻውን አይቆምም፤ «ዊ ቶክድ አባውት ዘ ፕላን» ይላል።

እዚህ ጋ የሆነው ነገር ሌላም ቦታ ይደገማል። አማርኛችን «ተወያየ» ሲል «ስለ»ን ያስከትላል፣ «ገባ» ሲል «ወደ»ን ያስከትላል። እኛም መስተዋድዱን እንደያዝን ወደ እንግሊዝኛ እንሻገራለን። «ኢንተር ቱ ዘ ሩም» የሚለው ስህተት የመጣው ከዚያ ነው፤ «ኢንተር ዘ ሩም» በቂ ነው። «ሜንሽን»፣ «ሪች» እና «ኮንታክት»ም እንደዚሁ ያለ መስተዋድድ ነው የሚሄዱት። (ውል ለመግባት ሲሆን ግን «ኢንተር ኢንቱ አን አግሪመንት» ይባላል። እሱን ለብቻው ያዢው።)

የተገላቢጦሹም አለ። «ጠበቅኩህ» ስንል መስተዋድድ አንጠቀምም፤ እንግሊዝኛው ግን «አይ ዌይትድ ፎር ዩ» ይላል። «ሙዚቃ አዳመጥኩ» የሚለውም «ሊስን ቱ» ይፈልጋል። ብዙ ሰው «አይ ሊስን ሚዩዚክ» የሚለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ከላይ ያለውን አንብቤ ይበልጥ ተምታታብኝ። «ኤ ዲስከሽን አባውት» የሚል ጽሑፍ አይቻለሁ። እሱም ስህተት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ልክ ነው። ከሁሉም በላይ ጊዜ ወስዳችሁ እንድታዩት የምፈልገው ነገር ይኸ ነው። ግሱ ስም ሲሆን ተሳቢውን በቀጥታ መያዝ አይችልም። ስለዚህ መካከላቸው መስተዋድድ ይገባል።

በአማርኛም ተመሳሳይ ነገር እናደርጋለን። «ጥያቄውን መለሰ» እንላለን። ወደ ስም ስንቀይረው «ን» ትቀርና «የጥያቄው መልስ» ይሆናል። እንግሊዝኛው ላይ «አንሰር ዘ ክዌስቸን» የነበረው «ዘ አንሰር ቱ ዘ ክዌስቸን» ይሆናል። ልዩነቱ፣ እኛ አብዛኛውን ጊዜ በ«የ» እንገላገላለን። እንግሊዝኛ ግን ለየስሙ የራሱን መስተዋድድ መርጦ ሰጥቶታል። «ሪክዌስት ሄልፕ» ሲሆን ስሙ «ኤ ሪክዌስት ፎር ሄልፕ» ነው። «ላክ ኤክስፒሪየንስ» ወደ «ላክ ኦፍ ኤክስፒሪየንስ» ይቀየራል። «ኤምፋሳይዝ» ብቻውን ይሄዳል፤ «ኤምፋሲስ» ግን «ኦን» ይፈልጋል። «አፌክት» ብቻውን፣ «ኢፌክት» ደግሞ ከ«ኦን» ጋር።

ግሱ መጀመሪያውኑ መስተዋድድ ካለው ስሙ ብዙ ጊዜ ያንኑ ይወርሳል። «ዲፔንድ ኦን» እና «ዲፔንደንስ ኦን» እንደሚባለው ማለት ነው። ግን አትዝናኑ። ተቃራኒው ላይ ስትደርሱ «ኢንዲፔንደንት ኦፍ» እና «ኢንዲፔንደንስ ፍሮም» ነው። አራቱን ጎን ለጎን ጽፋችሁ ያዟቸው።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ «ሜሪድ ዊዝ» ነው ወይስ «ሜሪድ ቱ»?

መልስ፦ «ሜሪድ ቱ»። ግስ ሲሆን ደግሞ ምንም የለውም፤ «ሺ ሜሪድ ሂም»። «ከእሱ ጋር ተጋባች» የሚለው አማርኛችን ነው «ዊዝ»ን የሚያመጣብን። «ሺ ኢዝ ሜሪድ ዊዝ ቱ (ሁለት) ችልድረን» የሚል ካነበብክ ግን ስህተት አይደለም፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ናት ማለት ነው።

ጥያቄ፦ «ኤክስፕሌይን ሚ» ስል ልጄ ታርመኛለች። «አስረዳኝ» ለማለት ሌላ ምን ልበል?

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ናት፣ እናቴ። «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ» ይበሉ። «ኤክስፕሌይን» የሚያስከትለው የሚብራራውን ነገር ነው፤ ሰውየው ከ«ቱ» በኋላ ይመጣል። «ሴይ» እና «ዲስክራይብ»ም እንደዚሁ ናቸው። «ቴል» ግን ሰውየውን በቀጥታ ይይዛል፤ «ቴል ሚ» ልክ ነው።

ጥያቄ፦ «ሉክ አት ኢት» ይባላል። «ተርን ኦፍ ኢት» ግን አይባልም ተባልኩ። ሁለቱም ግስና ትንሽ ቃል ናቸው፤ ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ጥሩ አስተውለሃል። ሁለቱ ሲታዩ ቢመሳሰሉም ሥራቸው ይለያያል። «ሉክ አት» ውስጥ «አት» መስተዋድድ ነው፤ ከኋላው ካለው ስም አይለይም። «ተርን ኦፍ» ውስጥ ግን «ኦፍ» (off) የግሱ አካል ነው፣ «ማጥፋት» የሚለውን ትርጉም የሚሰጠው እሱ ነው። እንዲህ ያለው ግስ ተውላጠ ስሙን መሃል ያስገባል፤ «ተርን ኢት ኦፍ»። ሙሉ ስም ከሆነ ሁለቱም ይሄዳል፤ «ተርን ኦፍ ዘ ላይት» ወይም «ተርን ዘ ላይት ኦፍ»። አዲስ ግስ ሲገጥምህ «ኢት»ን መሃል አስገብተህ ሞክረው። «ሉክ ኢት አት» እንደማይሆን ወዲያው ይሰማሃል።

«ሉክ ፎር» (መፈለግ) እና «ሉክ አፍተር» (መንከባከብ) ከ«ሉክ አት» ወገን ናቸው። «ሉክ አፕ» (መዝገበ ቃላት ውስጥ መፈለግ) ግን ከ«ተርን ኦፍ» ወገን ነው፤ «ሉክ ኢት አፕ»።

ጥያቄ፦ ታዲያ እነዚህ መስተዋድዶች ምንም ስሜት የማይሰጡ፣ ዝም ብለው የሚሸመደዱ ናቸው ማለት ነው?

መልስ፦ በፍጹም! በዚህ አልስማማም። ብዙዎቹ ትርጉም አላቸው። «ትሮው ዘ ቦል ቱ ሂም» ካልክ እንዲቀልበው ወረወርክለት። «ትሮው ዘ ቦል አት ሂም» ካልክ ልትመታው ወረወርክበት። «ሾውት ቱ» ራቅ ላለ ሰው እንዲሰማ መጣራት ነው፤ «ሾውት አት» መቆጣት፣ ሰው ላይ መጮህ ነው። «አት» ያነጣጥራል። «ላፍ አት» ማለት «ሳቀበት» የሆነውም ለዚህ ነው። የእኛ «ለት» እና «በት» የሚሠሩትን ሥራ አስብ፤ «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» የሚለያዩት በእነሱ ብቻ ነው። ይህ ስሜት ያለው ሰው «ቱ»ን እና «አት»ን ለመለየት አይቸገርም።

ጥያቄ፦ «ኦን ታይም» እና «ኢን ታይም»?

መልስ፦ «ኦን ታይም» በተባለው ሰዓት። «ኢን ታይም» ሳይረፍድ፣ ጊዜው ሳያልፍ።

ጥያቄ፦ ኢሜይል ስዘጋ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሚት ዩ» እላለሁ። ከ«ቱ» በኋላ ተራው ግስ አይደል የሚመጣው?

መልስ፦ እዚህ «ቱ» መስተዋድድ ነው፤ ስለዚህ ከኋላው ስም ወይም «ኢንግ» ያለው ቃል ይፈልጋል። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሚቲንግ ዩ» በይ። መለያው ቀላል ነው፤ በግሱ ቦታ ስም አስገብተሽ ሞክሪ። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዘ ዊኬንድ» ይሆናል፤ ስለዚህ መስተዋድድ ነው። «ዎንት ቱ ዘ ዊኬንድ» ግን አይሆንም።

ጥያቄ፦ የትኛው ግስ የትኛውን እንደሚወስድ ከየት ነው የምናየው? የእኔ መዝገበ ቃላት ትርጉም ብቻ ነው ያለው።

መልስ፦ የአማርኛ ፍቺ ብቻ የሚሰጠውን አስቀምጥና ለቋንቋ ተማሪ የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያዝ። ዓይነቱን ካስጀመሩት አንዱ ሆርንቢ የሚባል ጃፓን ውስጥ ያስተምር የነበረ እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ቶኪዮ ላይ በወጣው መዝገበ ቃላቱ፣ ግሶች ከኋላቸው ምን እንደሚያስከትሉ በየዓይነታቸው ከፋፍሎ አሳይቷል። የዛሬዎቹ ደግሞ መስተዋድዱን ከቃሉ አጠገብ ያሳያሉ፣ ምሳሌም ይጨምራሉ። ቃሉን ደብተርህ ላይ ስታሰፍር ብቻውን አትጻፈው። «ሪላይ» ብለህ ሳይሆን «ሪላይ ኦን ሰምዋን» ብለህ ጻፍ።

ጥያቄ፦ ዓረፍተ ነገርን በመስተዋድድ መጨረስ ነውር ነው ተብለን ነው የተማርነው። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ጆን ድራይደን የተባለው ገጣሚ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ይህን አጻጻፍ ነቅፎ ነበር፤ በኋላ የመጡ ሰዎች ሕግ አደረጉት። ቋንቋው ግን እንዲህ ነው የሚሠራው። «ዋት አር ዩ ሉኪንግ ፎር?» ፍጹም ትክክል ነው። «ፎር ዋት አር ዩ ሉኪንግ?» ብትል ሰው ግር ይለዋል።

ጥያቄ፦ አንድ ልጨምር፤ «አራይቭ ቱ» ይባላል?

መልስ፦ አይባልም። ለአገርና ለከተማ «አራይቭ ኢን»፣ ለሕንፃ ወይም ለጣቢያ «አራይቭ አት» ነው። «ቱ» ካማረህ «ጌት ቱ» በል። ቤት ሲሆን ግን ሁለቱም መስተዋድዳቸውን ይጥላሉ፤ «አራይቭ ሆም»፣ «ጌት ሆም»። እኛም «ቤት ደረስኩ» ነው የምንለው፤ እዚህ ላይ አማርኛህን ብትከተል አትሳሳትም።