ኮምጣጣው ቢራ ተበላሽቷል ወይስ ጣዕሙ ነው?

የድሬዳዋ፣ የሳቢያኑ ወንድማችን የጠየቀው ይሄ ነው። እህቱ ከብራስልስ ስትመጣ ሁለት ጠርሙስ የቤልጅየም ኮምጣጣ ቢራ ይዛለት መጣች፤ አንዱ ጌውዝ፣ ሌላው ክሪክ። ጌውዙን ከፍሪጅ አውጥቶ ወዲያው ከፈተው። ኮመጠጠው፣ የጋጣ ሽታ ሸተተው፣ «በበርሜል የቆየ» ተብሎ ሳለ የእንጨት ጣዕም የሚባል ነገር አልመጣለትም። ተበላሽቶ ነው? ክሪኩንስ ላቆየው ወይስ ልጠጣው? ይላል።

አቦ፣ አልተበላሸም። የጻፍከው ሁሉ የጤነኛ ጌውዝ መልክ ነው። የድሬ ልጅ ስለሆንክ «አንተ» እያልኩ፣ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

እኔ ብዙ ዓመት የሠራሁት ቢራ ፋብሪካ፣ ጥራት ክፍል ነው። እዚያ የዱር እርሾ ማለት ጠላት ነው። አንድ ታንክ ኮምጠጥ ካለ የዚያን ቀን ምሳ የሚያስብ ሰው የለም። የጌውዝም የክሪክም መሠረት የሆነውን ላምቢክ የሚባል ቢራ የሚጠምቁት ግን ያንኑ ጠላት በር ከፍተው ያስገቡታል። ግራ ቢገባህ አይፈረድብህም።

ላምቢክ የሚጠመቀው ብራስልስ ውስጥና ከከተማዋ ወደ ምዕራብ ባለው ፓዮተንላንድ በሚባል አካባቢ ነው። ከገብስ ብቅሉ ጋር ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚደርስ ያልበቀለ ስንዴ ይገባበታል። ሆፕሱ፣ ማለትም ለቢራ እንደ ጌሾ የሚሆነው አበባ፣ ሆን ተብሎ ያረጀ ነው፤ ምሬቱ ቀንሶ ከመበላሸት የሚጠብቅበት ጉልበቱ ብቻ እንዲተርፍ። ከዚያ የፈላው የብቅል ውሃ ሰፊ ገንዳ ላይ ተዘርግቶ ሲቀዘቅዝ ያድራል። እርሾ የሚጨምርበት የለም። ከአየሩ፣ ከቤቱ፣ ከበርሜሉ ያገኘው ነው የሚያፈላው። ስለዚህ የሚጠመቀው በቀዝቃዛዎቹ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ገደማ ብቻ ነው። ሙቀት ሲገባ የማይፈለገው ባክቴሪያ ይበዛል። ድሬ ላይ አይታሰብም፤ ደጋው ደንገጎ ላይ ምናልባት። ብራስልስ፣ አንደርሌክት ያለው ካንቲዮን የሚባለው ጠመቃ ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1900 የተቋቋመው፣ ዛሬም በዚሁ መንገድ ይጠምቃል፤ እየሠራ ሙዚየምም ነው።

ጌውዝ የምትለው የ1፣ የ2 እና የ3 ዓመት ላምቢክ ተደባልቆ ጠርሙስ ውስጥ እንደገና ሲፈላ ነው። ወጣቱ ለፍላቱ የሚሆን ስኳር ያመጣል፤ አሮጌው ጠረኑን።

አሁን ወደ ኮምጣጣው። ሰው ሁሉ «ምን ያህል ይኮመጥጣል?» ይላል። እኔ ብሆን «የምን ኮምጣጣ ነው?» ብዬ ነው የምጀምረው። ላክቲክ አሲድ የእርጎና የሊጥ ኮምጣጣ ነው። ለስለስ ይላል፣ በምላስ ግራና ቀኝ ምራቅ ያመጣል፣ ሲወርድ ጉሮሮ አይነካም። አሴቲክ አሲድ ደግሞ አቼቶ ነው። ገና ሳትጎነጨው አፍንጫህን ይወጋል፣ ሲወርድ ያቃጥላል። ጥሩ ጌውዝ ላይ የመጀመሪያው ይበዛል፣ ሁለተኛው ሽው ብሎ ያልፋል። የላምቢክ ፒኤች (ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) 3.3፣ 3.5 አካባቢ ነው፤ የምናውቀው የተለመደ ቢራ፣ ላገር፣ ከ4 በላይ። አፍህ መደንገጡ አይገርምም።

ሩሰላሬ ከተማ የሚሠራው ሮደንባክ ዓይነት የፍላንደርስ ቀይ ቢራ ከገጠመህ ደግሞ የአቼቶው ድርሻ ከፍ ይላል። ግዙፍ የኦክ በርሜል ውስጥ ነው የሚቆየው። እሱን ግን የብቅሉ ጣፋጭነት ይይዘዋል። ጌውዝን በሮደንባክ፣ ሮደንባክን በጌውዝ መመዘን ሁለቱንም መበደል ነው።

የጋጣው ሽታ የመጣው ብሬታኖማይሲስ ከሚባለው እርሾ ነው። ካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው ክላውሰን እ.ኤ.አ. በ1904 ለዓለም ያስተዋወቀው ሲሆን፣ ያገኘው ከእንግሊዝ ቢራ ነው። ደረቅ ሣር፣ ቆዳ፣ የፈረስ ላብ፣ አንዳንዴ የበሰለ አናናስ ይሸታል። በፀሐይ የደረቀ የሐረር ቡና ስትጠጣ ያንን የፍሬና የወይን ጠረን የምትለይ ከሆነ አፍንጫህ ለዚህ ሥራ ደርሷል። ቡናውን እንደምታሸተው ነው የምታሸተው፤ አንዴ ሳይሆን ደጋግመህ።

የእንጨት ጣዕም ስላጣህ አትዘን። የውስኪ በርሜል ውስጥ የቆየ ጥቁር ቢራ ቫኒላ ቫኒላ ይላል፤ ላምቢክ ቤቶች ግን የሚፈልጉት ብዙ ጊዜ ወይን ያደረ፣ ያረጀ በርሜል ነው። የእንጨቱ ጣዕም ተሟጧል። ጥቅሙ ሌላ ነው። እርሾውና ባክቴሪያው ስንጥቁ ውስጥ ይኖራሉ፣ በእንጨቱም በኩል ጥቂት ጥቂት አየር ይገባል። መሃል ላይ አንዱ ባክቴሪያ ቢራውን እንደ ተልባ ውሃ የሚያዝለገልግበት ጊዜ ሁሉ አለ። ብሬታኖማይሲስ ቀስ እያለ ያንን ይበላውና ይጠራል። ሦስት ዓመት መጠበቁ ለቅንጦት እንዳይመስልህ።

ሐረር ጠላ የምትጠምቅ አክስት አለችኝ። አንድ ቀን ጌውዝ ቀዳሁላት። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ፊቷን መለስ አደረገች። «ጋኑ በደንብ አልታጠበም፤ ወይራም አላገኘው» አለች። ከዚያ ጥቂት ጎንጨት አለች። ቶሎ አልዋጠችም። በምላሷ ወደ አንዱ ጉንጯ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ገፋችውና ዋጠች። «ስንት ቀኑ ነው?» ሦስት ዓመት ስላት ብርጭቆውን ለብርሃኑ አንስታ አየችው። «ጠላ ቢሆን በሳምንቱ አቼቶ ነበር» አለችና ደግማ ጎነጨች። የሁለተኛው ላይ ፊቷ አልተኮማተረም። ስለ አቀማመስ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም። መጀመሪያ ሽታ፣ ከዚያ ትንሽ፣ አፍ ውስጥ ማቆየት፣ ፍርዱን ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ጉንጭ በፊት አለመስጠት።

አቀራረቡ ላይ ግን እናንተ ሰፈር ችግር አለ። በረዶ የሆነ ጌውዝ ኮምጣጣነቱ ብቻ ነው የሚወጣው፤ ጠረኑ ይተኛል። ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ጥሩ ነው። ሐረር ላይ ከፍሪጅ አውጥቼ ወሬ እስክንጀምር እተወዋለሁ። ድሬ ላይ ግን ያው ታውቀዋለህ፣ ብርጭቆው ውስጥ ራሱ ይሞቅልሃል። ትንሽ ትንሽ ቅዳ፣ ጠርሙሱን ወደ ፍሪጅ መልስ። ከመክፈትህ በፊት አንድ ቀን ቀጥ አድርገህ አቁመው፤ ደለሉ ይወርዳል። ቡሹን ስትነቅል ፊትህን አርቅ፣ የሞቀ ጠርሙስ ግማሹን ግድግዳ ላይ ነው የሚያፈሰው። በብርሌ አትሞክረው፣ አፉ ለአፍንጫ አይበቃም። የወይን ብርጭቆ ይሻላል።

ደግሞ ለጨብሲ የሚሆን ቢራ አይደለም። ጫት የቃመ አፍ ደርቋል፣ መሯል፤ ምንም አይለይም። ከጣፋጭ ጋርም አይሄድም። ሙሸበክ በልተህ ጌውዝ ብትጠጣ ኮምጣጣነቱ እጥፍ ይሆንብሃል። ብራስልሶች ዳቦ ላይ ለስላሳ ትኩስ አይብና ቀይ ፍጅል አድርገው ይበሉበታል። እኛ ጋ የሰባ የፍየል ጥብስ ወይም ትኩስ የሥጋ ሳምቡሳ ያዋጣል። ቅባቱን ጠርጎ ይወስደዋል። በርበሬ ግን ቀነስ አድርጉ።

እውነተኛ ብልሽት እንዴት ይለያል? የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሸተተህ፣ አቼቶው ሌላውን ሁሉ ከዋጠው፣ ወይም ቡሹ ሻግቶ የረጠበ ካርቶን ከሸተተ፣ አትታገለው። አንድ ተንኮለኛ ደግሞ አለ። ሲሸተት ምንም የለውም፣ ከዋጥከው በኋላ ትንሽ ቆይቶ አፍህ ውስጥ የአይጥ ሽታ ይመጣል። ያም ጥፋት ነው። አንዳንድ ጊዜ ጠርሙሱ ውስጥ ለወራት ሲቆይ ይጠፋል ይባላል፤ የተከፈተውን ግን ድፋው።

ክሪኩን አታቆየው። እሱ ኮምጣጣ ቼሪ የተዘፈዘፈበት ላምቢክ ነው፤ የፍሬው ጠረን ከዓመት ዓመት እየደከመ ይሄዳል። ዘንድሮ ከሰው ጋር ክፈተው። ጣፋጭ ይሆናል ብለህ ግን አትጠብቅ፣ ሱቅ ከሚሸጠው ከረሜላ መሰል ክሪክ ጋር ስም እንጂ ጣዕም አይጋሩም። ማቆየት የሚያምርበት ጌውዝ ነው። ጠርሙሱ ላይ የ10 ወይም የ20 ዓመት ቀን ብታይ የሕትመት ስህተት አይደለም። እህትህ ሌላ ካመጣችልህ ግን ቁምሳጥን ውስጥ እንዳትከተው። የድሬ ቁምሳጥን በግንቦት ምን እንደሚመስል እኔ አልነግርህም። ሐረር ዘመድ ካለህ ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ጓዳ ውስጥ ያስቀምጥልህ፤ ዘመድየው የሚጠጣ ካልሆነ ደግሞ የበለጠ ይታመናል።