ከሶፋና ከቁም ሳጥን ሥር የሚረግፍ ዱቄት፦ የእንጨት ነቀዝን መለየትና ማከም

የጠያቂያችን ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነው። ከተገዙ ዓመት ባልሞላቸው የቀርከሃ ሶፋና የዋንዛ ቁም ሳጥን ሥር በየጠዋቱ ነጣ ያለ ዱቄት ረግፎ ይገኛል፤ ከክብሪት ራስ ያነሱ ክብ ቀዳዳዎችም ታይተዋል። አናጢው «ምስጥ ነው» ብሏል። እዚህ ቡድናችን ውስጥ ደግሞ አንዱ ቤንዚን፣ ሌላው ለእህል የሚደረገውን ክኒን መክረዋል።

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ክኒኑን ይተዉት። አልሙኒየም ፎስፋይድ ነው፤ የአየር እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ በበር ሥርና በኮርኒስ ክፍተት ሾልኮ ሌላ ክፍል የተኛን ሰው ይገድላል፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ገዝተውት ከሆነ ውሃ እንዳይነካው፣ መጸዳጃ ቤትም እንዳይጣል። ቤንዚኑም ቢሆን የነቀዙ እጭ (እንጨቱን የሚበላው ትል) ያለበት ሳይደርስ ይተናል፤ ቤቱን የሞላው ትነት ግን እንዲቀጣጠል የቡና ከሰል ይበቃዋል።

የገለጹት ምልክት የምስጥ አይደለም። የመሬት ምስጥ ዱቄት አያራግፍም፤ ከመሬት በጭቃ ዋሻ ይወጣና የበላውን ቦታ በአፈር ይሞላዋል። ደረቅ እንጨት ውስጥ የሚኖር የምስጥ ዓይነትም አለ፤ እሱ የሚጥለው ጤፍ የሚያህል ጠንካራ ፍሬ ነው፣ በማጉያ መነጽር ሲታይ ጎኑ ባለ ስድስት ገጽ ነው። የእርስዎን ዱቄት በሁለት ጣት መሃል ይሹት። ምንም ሳይሻክር ከለሰለሰና ቀዳዳው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ የደረቅ እንጨት ነቀዝ ነው። ቀዳዳው ከ3 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ከሆነ የዚሁ ነቀዝ ትልልቅ ዘመዶች ናቸው፤ ባሕር ዛፍና ቀርከሃ ላይ ይወጣሉ። ዱቄቱ እንደ አሸዋ ከሻከረና እንጨቱ እርጥበት ባለበት የቆየ አሮጌ እንጨት ከሆነ ሌላ ዓይነት ነው፤ እጩ ለዓመታት በዝግታ ይበላል። 12 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ፣ በመሰርሰሪያ የተበሳ የሚመስል ቀዳዳ ደግሞ ወራጅ ውስጥ ጎጆ የምትሠራው ትልቅ ጥቁር ንብ ሥራ ነው። አንድ ደግሞ ሰው ሁሉ በከንቱ ገንዘብ የሚያወጣበት አለ፦ ዱቄት የሌለበት፣ ዙሪያው የጠቆረ ቀዳዳ። እሱን የበሳው ጥንዚዛ እንጨቱ ገና እርጥብ ሳለ ገብቶ ሲደርቅ አልቋል። ሕክምና አይፈልግም።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ቀዳዳው ላይ ነው። ቀዳዳው መውጫ እንጂ መግቢያ አይደለም። ጥንዚዛዋ እንቁላሏን የምትጥለው ዓይን በማያየው የእንጨቱ ስስ ቀዳዳ ውስጥ ነው። እጩ ውስጥ ለውስጥ ሲበላ ከወራት እስከ ከዓመት በላይ ይቆያል፣ ካደገ በኋላ በስቶ ይወጣል። ስለዚህ በየቀዳዳው በሲሪንጅ መርዝ መጨመር በአብዛኛው የተለቀቀ ቤት መርጨት ነው፤ መተላለፊያውም በዱቄት ስለተደፈነ ፈሳሹ ሩቅ አይሄድም። መታከም ያለበት ገላጣው የእንጨቱ ገጽ ሁሉ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ነቀዙ በሕይወት መኖሩን ያረጋግጡ። ዱቄቱን በብሩሽ ጠርገው ያንሱ። ያሉትን ቀዳዳዎች በሙሉ በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ፣ ቀኑን ይጻፉበት፣ ከሥሩም ጥቁር ወረቀት ያንጥፉ። መሸፈኑን አይዝለሉት፤ በር ሲዘጋና ሰው ሲቀመጥ የድሮው ዱቄት እየተንቀጠቀጠ ስለሚወርድ ብዙ ሰው የሞተ ነቀዝ ሲያክም ይኖራል። በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ፕላስተሩ ከተበሳ ወይም ጠርዙ እንደ አዲስ እንጨት የነጣ ቀዳዳ ከወጣ ነቀዙ አለ። እስከዚያ ዕቃውን ከሌላው የእንጨት ዕቃ ያርቁት።

ቁም ሳጥኑን ሲያዩ ቀዳዳው የት እንደተሰለፈ ልብ ይበሉ። ይህ ነቀዝ የሚፈልገው በእንጨቱ ውስጥ ያለውን ስታርች ነው፤ ስታርቹ ያለው ደግሞ ከቅርፊቱ ቀጥሎ ባለው ነጣ ያለ ክፍል ነው። ጠቆር ያለውን የዋንዛ ልብ አይነካም። እንጨት ለመቆጠብ ነጩን ጠርዝ ጨምሮ የሠራ አናጢ ነው ነቀዙን የጋበዘው። የተጎዳው ቀጭን ጠርዝ ብቻ ከሆነ ቆርጦ በልቡ እንጨት መተካት ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል።

መቁረጥ ካልተቻለ ቦራክስና ቦሪክ አሲድ የሚባሉትን ነጭ ዱቄቶች ይጠቀሙ። ለ10 ሊትር ሙቅ ውሃ 600 ግራም ቦራክስና 400 ግራም ቦሪክ አሲድ። ሁለቱም አብረው መግባት አለባቸው፤ ቦራክሱ ለብቻው በዚህ መጠን ሲቀዘቅዝ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ሲቀላቀሉ ግን ሟሙተው ይቆያሉ። ቫርኒሽ ወይም ቀለም ካለ አስቀድሞ በብርጭቆ ወረቀት እስከ እንጨቱ መላጥ አለበት፤ በቫርኒሽ ላይ የተቀባ ቦራክስ ደርቆ ይረግፋል እንጂ አይገባም። ሰዎች «ሞክሬው አልሠራም» የሚሉት በአብዛኛው ይህን ዘለው ነው። የመሳቢያውን ሥር፣ የጀርባውን ኮምፔንሳቶና የእግሩን ታች አይርሱ፤ እነዚህ ሳይቀቡ ከፋብሪካ ወይም ከእንጨት ቤት ስለሚወጡ እንቁላል የሚጣለው እዚያ ነው። በብሩሽ ሁለት ሦስት ዙር፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን ይቀቡ፤ አንድ ሊትር ለአንድ ዙር ከ4 እስከ 5 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ለሁለት ቀን በላስቲክ ይሸፍኑት። ገልጠው አንድ ሁለት ሳምንት ካደረቁት በኋላ ሁሉንም ገጽ ቫርኒሽ ይቀቡ። ሲልጡ ማስክ፣ ሲቀቡ ጓንት ያድርጉ፤ የተረፈውን ሕፃን ከሚደርስበት ያርቁ፣ ከተዋጠ ይመርዛል።

መድኃኒቱ የሚገባው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ጥልቅ ያለው እጭ እስኪያድግ ድረስ ሊቆይ ስለሚችል እስከ አንድ ዓመት ጥቂት አዳዲስ ቀዳዳዎች ቢያዩ አይደንግጡ። የሚሰበረው ዑደቱ ነው፤ ከአዲስ እንቁላል የሚፈለፈለው እጭ መብላት ሲጀምር ይሞታል። ከዓመት በኋላም ቁጥሩ እየጨመረ ከሄደ ሳይቀባ የቀረ ገጽ አለ ማለት ነው።

ቀርከሃው ግን ከዚህ ይለያል፤ የጠያቂያችንም ከባዱ ሥራ እሱ ነው። የቀርከሃ የውጭ ቆዳ ሰም የለበሰ ስለሆነ ፈሳሽ አያስገባም። ነቀዙም በዚያ አይገባም፤ የሚገባው በተቆረጠው ጫፍ፣ በሚስማር ቀዳዳና በተሰነጠቀው የውስጥ ገጽ ነው፤ የሚበላውም ለስላሳውን የውስጥ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ከላይ መቀባት ድካም ብቻ ነው። እያንዳንዱ በሁለት አንጓ መሃል ያለው ክፍል በራሱ ግድግዳ የተዘጋ ስለሆነ በየክፍሉ በማይታየው በኩል አንድ አንድ የ3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱ። ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ከዚያው ውህድ በሲሪንጅ ይጨምሩ፣ ሶፋውን በየሁለት ሰዓቱ በተለያየ ጎኑ እያገላበጡ ፈሳሹ ግድግዳውን ሁሉ እንዲያረጥብ ያድርጉ። በማግስቱ ይድገሙትና ሲደርቅ ቀዳዳዎቹንና የተቆረጡትን ጫፎች በሙጫና በሰጋቱራ ይድፈኑ። ለወደፊቱ ሲገዙ ቀርከሃው ሦስት ዓመት ሳይሞላው ተቆርጦ እንደሆነና ከመሠራቱ በፊት ቦራክስ ውስጥ ተዘፍዝፎ እንደሆነ ይጠይቁ። ለጋ ቀርከሃ ያለ መድኃኒት ከተሠራ መንቀዙ አይቀርም።

ሙቀጫ፣ የእንጨት ማንኪያና ምግብ የሚነካ ማንኛውም ዕቃ ቦራክስ አይነካውም። በላስቲክ ጠቅልለው ዜሮ ሥር 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት ያቆዩት፤ ሲያወጡትም የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ላስቲኩን አይፍቱ፣ ጤዛው እንጨቱ ላይ እንዳይወርድ።

ሌላኛዋ አባል ስለ ባሕር ዛፍ ወራጅ ጠይቀዋል። ቅርፊቱ ካልተላጠ መጀመሪያ ይላጥ፤ ቅርፊት ሥር የሚኖሩት ጥንዚዛዎች በተላጠ ደረቅ እንጨት ላይ ተመልሰው አይባዙም። ቀጥሎ በካቻቢቴ ይውጉት፤ ያለ ብርታት ከገባ መድኃኒት አያድነውም፣ ጎኑ አዲስ ወራጅ ታስሮ ሸክሙን ከተረከበ በኋላ የተበላው ይውጣ። የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ቢሆንም ለቤት ውስጥ አልመክርም፦ ላይ ላዩን ይቀራል፣ ይሸታል፣ እሳት ይቀበላል፣ በኋላ ቦራክስ እንዳይገባም ይዘጋል። ቦራክስም በውሃ ስለሚታጠብ ቆርቆሮው የሚያፈስ ከሆነ የሚስማሩ ቀዳዳ ሳይደፈን ወራጁን አይቀቡ።