“እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው” ብዬ ዮጋ ጉዞ ብሄድስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። ነርስ ነኝ። ወገቤን ስለሚያመኝ ጂም ውስጥ ዮጋ ጀምሬ በጣም ረድቶኛል። አሁን አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች ተሰባስበው ሕንድ አገር፣ ሪሺኬሽ ወደሚባል ከተማ ለአንድ ሳምንት የዮጋ ሪትሪት ሊሄዱ ነው። እኔም ቀብድ ከፍያለሁ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው፤ ግን ከተማው ውስጥ ሥጋ አይሸጥም ስላሉኝ እንደውም ለጾሜ ይመቸኛል። እናቴ ስትሰማ አለቀሰች። እኔ ማተቤን አላወልቅም፤ እነሱ የራሳቸውን ሲሉ በልቤ አቡነ ዘበሰማያት እላለሁ። እግዚአብሔር የሚያየው ልብን አይደል? ስመለስ ደግሞ ጠበል እጠመቃለሁ። ስህተቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጥያቄሽን ከነፕሮግራሙ ስለላክሽልኝ አመሰግናለሁ። ብዙው ሰው የሚጠይቀኝ ሄዶ ከመጣ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ እናትሽንም አንቺንም ላረጋጋ። ወገብሽን ስለዘረጋሽ፣ እግርሽን ስላጠፍሽ ጋኔን አይገባብሽም። እንዲህ እያሉ ሰው የሚያስፈራሩ ቪዲዮዎች ሞልተዋል፤ ባይኖሩ ደስ ይለኝ ነበር። ጂም ውስጥ ለወገብሽ የምትሠሪውን እንቅስቃሴ አልከለክልሽም። ፊዚዮቴራፒስት ቢያይሽም ጥሩ ነው፤ ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

የሪሺኬሹ ግን ሌላ ነው። ፕሮግራሙን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ንጋት ላይ ማንትራ፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚጸለይ ቃል፣ ይባላል። ቀጥሎ ሱርያ ናማስካር ነው፤ ፀሐይን በስሞቿ እየጠሩ ሰላምታ የሚያቀርቡበት። ቀን ላይ መምህሩ ለእያንዳንዱ ሰው የግሉን ማንትራ ይሰጣል። አመሻሽ ላይ ሁሉም ወደ ጋንጋ ወንዝ ዳር ይወርዳል። ሥርዓቱ አርቲ ይባላል። ባለ ብዙ እርከን የናስ መብራት ተለኩሶ ወንዙ ፊት ይወዛወዛል። ለወንዟ እንደ እናትና እንደ አምላክ ይዘመርላታል። አበባና ትንሽ መብራት በቅጠል ጽዋ ተደርጎ ውኃው ላይ ይለቀቃል።

ለሂንዱዎቹ ይህ ጸሎት ነው። ከልባቸው ነው የሚያደርጉት፤ አላፌዝባቸውም። እንዲያውም በሰው ጸሎት መሀል ገብቶ “እኔ ስፖርት ነው የምሠራው” ማለት እነሱንም መናቅ ይመስለኛል። እኛ ቅዳሴ ላይ አንድ ቱሪስት መጥቶ “የምሰግደው ለጉልበቴ ብዬ ነው” ቢለን ምን እንለው ነበር?

ዮጋ ስፖርት ብቻ ነው የሚባለው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የተባበሩት መንግሥታት በ2014 እ.ኤ.አ. ጁን 21ን ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን ብሎ ሰይሟል። ጂሙም የሚሸጠው እንደ ስፖርት ነው። ነገር ግን ፓታንጃሊ የሚባለው የጥንቱ መምህራቸው ስምንት ነገሮችን ሲዘረዝር የሰውነት አቀማመጡ ሦስተኛው ብቻ ነው። ከዚያ ትንፋሽ ይመጣል፣ ከዚያ ሐሳብን መሰብሰብ እያለ ይቀጥላል፤ መጨረሻው ሳማዲ የሚሉት ፍጹም ተመስጦ ነው። ጂም ውስጥ ያገኘሽው ሦስተኛውን ነው፤ ምናልባትም ከትንፋሹ ጥቂት። ወደ ሪሺኬሽ የሚኬደው ለቀሩት ነው። ቢትልሶች የሚባሉት እንግሊዛውያን ዘፋኞች በ1968 እ.ኤ.አ. እዚያ የሄዱት ወገባቸውን አሟቸው አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። “እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው” ብለሻል። ይህችን ቃል ስንቴ ሰማኋት! ጾም ሲሻር እሷ ናት። ቅዳሴ ሲቀር እሷ ናት። ቃሉ ግን የተነገረው ለምን ነበር? ሳሙኤል እሴይ ቤት ሄዶ ኤልያብን አየ፤ ቁመናው ማረከው፤ የሚቀባው ይህ ነው ብሎ አሰበ። ያን ጊዜ ነው እግዚአብሔር “ሰው ፊትን ያያል፥ እግዚአብሔር ግን ልብን ያያል” ያለው (1ሳሙ. 16፥7)። ነገሩ የንጉሥ ምርጫ ነው። ልብን የሚያይ አምላክ ጉልበት የት እንደተንበረከከ አያይም የሚል እዚያ ውስጥ የለም።

ሠለስቱ ደቂቅን አስቢያቸው። ናቡከደነፆር ልባችሁን ስጡኝ አላላቸውም። ውደቁና ስገዱ ነው ያላቸው። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል “በልባችን የአባቶቻችንን አምላክ እናስብ፣ በጉልበታችን ዝቅ ብለን እንለፍ” ማለት ይችሉ ነበር። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ማንም አያውቅባቸውም። እነሱ ግን እሳቱን መረጡ።

እኛስ ብንሆን? ስቅለት ላይ ስንሰግድ ውለን በማግስቱ ደረጃ መውረድ የሚያቅተን በልባችን ብቻ ስለሰገድን ነው እንዴ? በሥጋችን እንጾማለን፣ በሥጋችን እንቆማለን፣ ቅዱስ ቁርባኑን በአፋችን እንቀበላለን። ጌታም የመጣው ሥጋ ለብሶ ነው። ጉልበትሽ ለእግዚአብሔር ሲሰግድ ቁም ነገር ከሆነ፣ ወንዙ ዳር ሲደርስ ዝም ብሎ ጉልበት ሊሆን አይችልም።

“ንዕማንስ?” የሚል አዋቂ አይጠፋም። ልክ ነው፤ ከለምጹ ተፈውሶ በእግዚአብሔር ያመነው የሶርያ ጦር አለቃ ንዕማን፣ ንጉሡ በእጁ ተደግፎ ሬሞን ወደሚባለው ጣዖት ቤት ሲገባ አብሮ ማጎንበሱ አስጨንቆት ይቅርታ ለመነ፤ ኤልሳዕም “በሰላም ሂድ” አለው (2ነገ. 5፥18-19)። ይህን ሳነብ ትዝ የሚሉኝ ዐረብ አገር ሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ናቸው። ስማቸው ተቀይሮ፣ ማተባቸውን ልብሳቸው ውስጥ ደብቀው፣ ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ የሚጸልዩ አሉ። “በሰላም ሂድ” የእነሱ ቃል ነው። አንቺን ያስገደደሽ ጌታ የለም። ፈቃድ ጠይቀሽ፣ ከኪስሽ ከፍለሽ ነው የምትሄጂው።

ታዲያ መስመሩ የቱ ጋ ነው? ጳውሎስ የማያምን ሰው ምሳ ቢጠራህ ሳትጠይቅ ብላ ይላል፤ “ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው” ብሎ የነገረህ እንደሆነ ግን አትብላ ይላል (1ቆሮ. 10፥27-28)። የጂሟን አሠልጣኝ ስለ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ አትመርምሪያት። የሪሺኬሹ ፕሮግራም ግን ከጠዋት እስከ ማታ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ነግሮሻል።

ያሳዘነኝ የጠበሉ ነገር ነው። ገና ሳትሄጂ የመመለሻውን ጠበል ይዘሻል። ንጹሕ ነው ብለሽ ከልብሽ የምታምኚው ጉዞ ቢሆን ለምን ቀጠሮ ያስፈልገው ነበር? ጠበል ለሚታመምና ለሚናዘዝ እንጂ አስቀድሞ ለታቀደ ነገር ማካካሻ አልተሰጠም። ማተቡም እንዲሁ ነው። ክርስቲያን መሆንሽን ይመሰክራል፤ አንገትሽ ላይ ስላለ ብቻ የምትሠሪውን አይቀድስልሽም።

ስለዚህ አትሂጂ። ሥርዓቱን ትቼ ለእንቅስቃሴው ብቻ እሄዳለሁ ብትዪም የቀረው ፕሮግራም ጥቂት ነው፤ ሳምንቱን ክፍልሽ ውስጥ ተቀምጠሽ ልታሳልፊው ነው። ቀብዱን ጠይቂ፤ ካልተመለሰም ይቅር። ለልጆቹ ሰበብ አትፍጠሪ። “ሃይማኖቴ የሌላ እምነት ጸሎት ላይ እንድካፈል አይፈቅድልኝም፣ መልካም ጉዞ” በያቸው። አሜሪካኖች ይህን ለመስማት አይቸገሩም፤ የምንፈራው እኛ ነን።

ስለ ምግቡ፦ ሪሺኬሽ ሥጋ አይሸጥም የተባለው እውነት ነው። ግን ወተቱ፣ እርጎው፣ ፓኒር የሚሉት አይብ ከማዕድ አይጠፋም። ምስሩ ላይ ራሱ ጊ የሚሉትን የተነጠረ ቅቤ ጣል ያደርጉበታል። የጾም ምግብ የመሰለሽ ሳይሆን አይቀርም።

ዕረፍት መፈለግሽን ግን አልነቅፍም። የሌሊት ሥራ ሰው ያደቃል። ጌታም ደቀ መዛሙርቱን ሲደክሙ ለብቻቸው ገለል ብለው እንዲያርፉ ነግሯቸዋል። ያንኑ የወሰድሽውን ፈቃድ አታጥፊው፤ ለንስሐ አባትሽ ደውለሽ አጭር ሱባኤ ያዢበት፤ ስልክሽን ዘግተሽ፣ እንቅልፍሽንም ተኝተሽ።

ሕንድን ማየት ካማረሽ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ወደ ደቡብ፣ ወደ ኬረላ ሂጂ። ቅዱስ ቶማስ ሰበከን የሚሉ ኦርቶዶክሳውያን ያሉበት አገር ነው። የማላንካራ ቤተ ክርስቲያን በእምነት እኅታችን ናት፤ በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአኃት አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ አብራን ተቀምጣለች። ያኔ እኛ አገር ሂሳብና ሳይንስ ካስተማሩት ሕንዶችም ብዙዎቹ ከዚያ የመጡ ክርስቲያኖች ነበሩ። ቅዳሴያቸው በማላያላም ነው። ቃሉ ባይገባሽም ሥርዓቱ ብዙ አይጠፋሽም፤ ነጠላሽን ይዘሽ ሂጂ።