ፍራሹን ከመቀየርሽ በፊት ሽንቱን አንብቢው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ውሻሽ ቡቺ ዐሥር ወሩ ነው፤ ወንድ ነው፤ እስከ ሰኔ ግቢ ሲያድር ቆይቶ የደሴ ክረምት ሲጠና ቤት አስገባሽው። በሦስት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ አልጋሽ መሃል ሸና፣ አንዴም ዓይነ ምድሩን ጣለ። መታሽው፣ አፍንጫውን እርጥቡ ላይ ደፈቅሽው፣ ፍራሹን በፈላ ውሃና በበረኪና አሸሽው፣ በወይራ አጠንሽው። አሁን ፍራሹን ጥለሽ አዲስ ልትገዢ ነው። እናትሽም አልጋው ነጅሷል፣ በሃይማኖታችን ረክሷል ብለው ክፍልሽ አልገባም ብለዋል።

ፍራሹን አትግዢ። በዚህ አያያዝ አዲሱም ሳምንት አይቆይም፣ የፍራሽ ዋጋ ደግሞ ዛሬ የት እንደደረሰ አንቺም ታውቂዋለሽ።

1. ሽንቱን አንብቢው። እርጥቡን ስታዪ ከመጮህሽ በፊት ሦስት ነገር ያዢ፦ ስንት ሰዓት ነበር፣ አንቺ የት ነበርሽ፣ እርጥቡ ምን ያህል ይሰፋል። መዳፍ የማያህል፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ወይም በተንጠለጠለው አልጋ ልብስ ጎን ከሆነ ክልሉን ምልክት ማድረጉ ነው። ዐሥር ወር ወንዱ እግሩን ማንሳት የለመደበት ዕድሜ ነው፤ ሰፈር ውስጥ ወንድ የምትፈልግ ሴት ውሻ ካለች ይብሳል። ትሪ የሚያህል፣ አልጋው መሃል ከሆነ ፊኛውን ጨርሶ አራግፏል። ተኝቶ በተነሳበት ቦታ ላይ ሆዱና ጭኑ ረጥቦ ካገኘሽው ግን ሳያውቀው እያመለጠው ነው፤ ያ የሐኪም ነገር ነው። (ሴት ውሻ ላላችሁ፦ ማኅፀኗ በወጣ ውሻ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ መድኃኒት አለው፣ አትጣሏት።) አንቺ ስትወጪ ብቻ ከሆነ፣ በሩንም ከቧጠጠ፣ ጎረቤትም «ሲያላዝን ዋለ» ካለሽ ጭንቀት ነው። ስልክሽን ቪዲዮ ላይ አድርገሽ ደግፈሽው ውጪ፤ የሚጨነቅ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ራሱን ያጋልጣል።

የአንቺ ቡቺ ትሪ የሚያህለው ነው። ውሻ ምን ላይ እንደሚሸና የሚለምደው ገና ሁለት ወር ገደማ ሳለ፣ እግሩ ሥር በሚሰማው ነገር ነው። ቡቺ የለመደው ሣርና ጭድ ነው፤ ለስላሳ፣ የሚመጥ፣ እግሩ ላይ የማይረጭ። ቤትሽ ወለሉ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ይሆናል፤ እዚያ ላይ ሲሸና እግሩ ላይ ይረጭበታል። ለስላሳና የሚመጥ ነገር ፍለጋ ሲዞር ያገኘው ያንቺን አልጋ ነው። «ተቆጥቼው ነበር፣ እልህ ይዞት ነው» የሚሉት ነገር ወሬ ነው፤ ውሻ በሽንቱ ሰው አይሰድብም።

ዱላውም ለዚህ ነው የማይሠራው። ከሸና ከደቂቃዎች በኋላ ብትመቺው ዱላውን ከአልጋው ጋር አያገናኘውም፤ የሚያገናኘው ካንቺ መምጣት ጋር ነው። ትምህርቱ «አልጋ ላይ አትሽና» ሳይሆን «እሷ ፊት አትሽና» ይሆንበታል። ከዚያ በኋላ ደጅ በገመድ ይዘሽው ስትቆሚ አልሸና ይልሻል፣ ቤት ገብተሽ ጀርባሽን ስታዞሪ አልጋሽ ላይ ይወጣል። እጅ ከፍንጅ ከያዝሽው አንዴ አጨብጭቢና ወዲያው ወደ ውጪ ውሰጂው፤ ውጪ ከጨረሰ አመስግኚው። ሌላ ቅጣት የለም።

2. ሽታው። ገንዘብሽን የበላው ይሄኛው ነው፤ እዚህ ላይ ልቆይ።

በረኪናው ሁለት ጊዜ ጎድቶሻል። ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ ሲቆይ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ በረኪና ሲያገኘው ክሎራሚን የሚባል ጋዝ ይወጣል። ዓይንሽን ያቃጠለሽ፣ ያሳለሽ እሱ ነው፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቀልድ አይደለም። ሁለተኛ፣ ሽታውን አላወጣልሽም፤ የሽንቱ ቅሪት ደርቆ ስፖንጁ ውስጥ ይቀመጣል። በደረቅ ቀን ዝም ይላል፤ የሐምሌ ጉም ሲገባበት ተመልሶ ይሸታል። «አጥቤው ጠፍቶ ነበር፣ ዝናብ ሲመጣ ተመለሰ» የሚባለው ይሄ ነው። የፈላ ውሃም የሽንቱን ፕሮቲን ጨርቁ ላይ ያስረዋል። የወይራ ጢስና እጣን ለእኛ አፍንጫ ነው፤ ቡቺ ከጢሱ ሥር የራሱን ሽታ ያገኘዋል። ሽታው እስካለ ድረስ እዚያ ቦታ «ሽንት ቤት» የሚል ታፔላ ተሰቅሏል ማለት ነው።

መጀመሪያ ቦታውን ፈልጊ። ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚፈትሹባትን ሐምራዊ መብራት ተዋሺ፤ ማታ አምፖል አጥፍተሽ አብሪበት። የደረቀ ሽንት ፈዘዝ ያለ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። አንሶላ ላይ ግን አትሞክሪው፤ በዱቄት ሳሙና የታጠበ ጨርቅ ሁሉ ሰማያዊ ያበራል፣ ያታልልሻል። ፍራሹን ራሱን፣ የአልጋውን እንጨትና የግድግዳውን ሥር እዪ። በጠመኔ ክበቢው። ሽንት ስፖንጅ ውስጥ ሲወርድ እየሰፋ ስለሚሄድ ከላይ ከሚታየው አንድ ስንዝር ጨምሪ።

አዲስ ከሆነ፦ አሮጌ ፎጣ አጥፈሽ ጣይበትና በእግርሽ ቁሚበት። አትሺው፤ ማሸት ወደ ውስጥ ይነዳዋል። ፎጣው ደረቅ ሆኖ እስኪወጣ ቀያይሪ። ከዚያ አቼቶና ውሃ እኩል እኩል፣ የሻይ ብርጭቆ በሻይ ብርጭቆ፣ አፍስሺበት። ሽንቱ የደረሰበት ድረስ ካልደረሰ ዋጋ የለውም፤ ለወፍራም ስፖንጅ የ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ከፋርማሲ ገዝተሽ ወደ ውስጥ ግፊው። ሩብ ሰዓት ጠብቀሽ እንደገና በፎጣ ምጠጪ። እርጥበቱ ሲቀንስ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሰሽ አሳድሪው፣ ጠዋት በብሩሽ አራግፊ። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፤ ባለሱቁ «ያው ነው» ይልሻል፣ ያው አይደለም፤ ስታርች አለበት፣ ይለጠፍብሻል። አቼቶውንና ሶዳውን በአንድ ጊዜ ደባልቀው ሲኩረፈረፍ የሚደሰቱ አሉ፤ የሚኩረፈረፈው ሁለቱ ሲጠፋፉ ነው፣ የሚቀርሽ ጨዋማ ውሃ ነው።

ለቆየው፣ ማለትም ለአንቺው፦ በረኪናው መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ይውጣ፤ በረኪና ባለበት አቼቶ እንዳታፈሺ፣ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ከዚያ ማሸጊያው ላይ ኢንዛይም አለው የሚል ዱቄት ሳሙና ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ። እጅሽን የሚያቃጥል ውሃ ኢንዛይሙን ይገድለዋል። አርሰሽው በላስቲክ ሸፍኚና ሁለት ሰዓት ተይው፤ ኢንዛይም የሚሠራው እርጥብ እስከሆነ ብቻ ነው። ያን ዕለት አቼቶ አይጨመርበትም። አጥበሽ አውጪውና ምጠጪ። ነጭ ፍራሽ ላይ ቢጫው ካልለቀቀ፦ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አንድ ብርጭቆ፣ ሶዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ። ቀለም ያለውን ጨርቅ ያነጣዋል። የተረፈውን ሃይላንድ ውስጥ ከድነሽ እንዳታስቀምጪ፤ ጋዝ እየፈጠረ ጠርሙሱን ያፈነዳዋል።

ማድረቁ ነው የደሴ ችግር። 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ፣ ነሐሴ ላይ፣ ስፖንጅ ተኝቶ አይደርቅም፤ ሻግቶ ሌላ ሽታ ያመጣል። በጎኑ አቁሚው፣ ከሥሩ ሁለት ድንጋይ አድርጊ፣ ነፋስ በሁለቱም ፊት ይለፍ፣ በየሁለት ሰዓቱ ገልብጪው። ኮምቦልቻ ዘመድ ካለሽ ጭነሽ ላኪው፤ ወደ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ አገር ነው፣ አንድ ቀን ፀሐይ እዚያ ደሴ ከሚቆይበት ሳምንት ይበልጣል። አልቀለድኩም።

3. ሐኪም። እዚህ ላይ በተራ ቁጥር መሄድ ይከብደኛል፤ ነገሩ ያናድዳል። ውሻ ይዘሽ ስትገቢ «እዚህ ከብት ነው የምናየው» የሚል አለ፤ ወይ ደግሞ ሽንቱን ሳያይ፣ ሙቀት ሳይለካ፣ ኦክሲ፣ ማለትም ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ፣ ወግቶ «ደህና ይሆናል» ብሎ የሚልክ። ጥርሱ ገና በማደግ ላይ ላለ ቡችላ ቴትራሳይክሊን ጥርሱን ያበልዛል፤ የሽንት ችግሩም ኢንፌክሽን ካልሆነ ምንም አልተሠራም። ስለዚህ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ማስረጃ ይዘሽ ከገባሽ የማይመረምርሽ ያፍራል።

ማስረጃው ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሚጠጣውን ለኪ፦ ጠዋት በሃይላንድ ለክተሽ ሙዪለት፣ በ24 ሰዓት የቀረውን ቀንሺ፣ ሦስት ቀን ጻፊ። ጤነኛ ውሻ በኪሎው ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው፤ 20 ኪሎ ከሆነ አንድ ሊትር ወይም ትንሽ በለጥ። ከሁለት ሊትር ካለፈ ስኳር፣ ኩላሊት ወይም ሌላ ነገር አለ። ሁለተኛ፣ የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት በንጹሕ ጭልፋ መሃሉ ላይ ያዢው፤ ወንድ ስለሆነ ቀላል ነው። ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ አድርገሽ በሁለት ሰዓት ውስጥ አድርሺው። የሰው ላቦራቶሪ ስትሪፕ፣ ሽንት ውስጥ የሚነከረው የምርመራ ወረቀት፣ ደም፣ ስኳርና ፕሮቲን ያሳያል፤ የነጭ ደም ሴሏ ቀለም ግን ለውሻ አትታመንም፣ በማይክሮስኮፕ ይታይልኝ በያቸው። ቶሎ ቶሎ ጠብ ጠብ የሚያደርግ፣ የሚያምጥ ወይም ደም ያለበት ከሆነ ቀን አትቁጠሪ። ደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ፤ ሌላው ካልተቀበለሽ ማን ውሻ እንደሚያይ እዚያ ጠይቂ።

ከፋርማሲ ራስሽ ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ) ገዝተሽ እንዳትሰጪው። የሚያድግ ውሻ የመገጣጠሚያ ለስላሳ አጥንት ይጎዳል። አይቡፕሮፌን ጭራሽ፤ ጨጓራውንና ኩላሊቱን ነው የሚያበላሸው።

አንዴ የጣለው ዓይነ ምድር ቀጭን ከነበረ ምን እንደበላ አስቢ። በበዓል ሰሞን የበግ ሳንባና ጉበት ጥሬውን የሚጣልለት ውሻ ተቅማጥ ብቻ አይደለም የሚያመጣው። ሳንባው ላይ የምታዪው ውሃ የቋጠረ ከረጢት በውሻ አንጀት ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ ደግሞ ወደ ሰው ይመጣል። አልጋ የሚጋራ ውሻ ጥሬ የሆድ ዕቃ አይበላም፤ ፕራዚኳንቴል የሚባለው የትል መድኃኒት በሐኪም፣ በኪሎው ልክ ይሰጠው።

ሰዓቱን በተመለከተ፦ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እንደነቃ፣ ከበላ በኋላ በሩብ ሰዓት ውስጥ፣ ከጨዋታ በኋላ፣ ማታ 4 ሰዓት ከመተኛቱ በፊት። በገመድ፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጥግ፣ ዐሥር ደቂቃ ዝም ብለሽ ቁሚ። በገመድ ያልኩሽ ማታ ጅብ ስላለም፣ ለቀሽው ከገባ ሸንቶ ይሁን አይሁን ስለማታውቂም ነው። ጥጉ ላይ ጭድ ጣይ፤ የለመደውን እግሩ ያገኘዋል። እንደጨረሰ ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ ቁራጭ ቋንጣ፤ ቤት ገብተሽ ብትሰጪው የከፈልሽው ለመግባቱ ነው። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ተሰብስቦ ሁሉም ሲዳብሰው ይረሳል፣ ደስታውም ሽንቱን ያመጣዋል፤ አቦሉ እንደተጠጣ ቶና ሳይቀርብ አውጪው። ውሃ አትከልክይው፤ ምግቡን ግን በቀን ሁለት ጊዜ በሰዓቱ አድርጊ፣ የተረፈውን አንሺ።

የመኝታ ቤትሽ በር ለአራት ሳምንት ይዘጋል። «ያሳዝነኛል» አትበዪኝ። ማደሪያው ለስላሳ አይሁን፤ ሰሌን ወይም የተዘረጋ ጆንያ፣ ዞሮ የሚተኛበት ስፋት ብቻ። ሌሊት ሰባት ስምንት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ከዚያ የረዘመ አትጠብቂበት።

ለእናትሽ ደግሞ። «ሽታው ጠፍቷል» ማለት ለእሳቸው መልስ አይሆንም፤ ለናጃሳው፣ ለርኩሰቱ፣ የራሱ ሥርዓት አለው። በሻፍዒይ መዝሃብ፣ ከእስልምና የሕግ መንገዶች በአንዱ፣ የውሻ ነገር ሰባት ጊዜ፣ አንዱ በአፈር ነው የሚታጠበው፤ አፈሩን በውሃ በጥብጦ ማለት ነው። ለእናንተ የሚሆነውን ሸሁን ጠይቁ። እኔ የምጨምረው ቅደም ተከተሉን ነው፦ መጀመሪያ በኢንዛይሙ ሽንቱ ይውጣ፣ ከዚያ የእሳቸው ቁጥር ይከተል። አፈሩ ቀድሞ ከገባ ስፖንጁን ይደፍነዋል፣ ሽንቱም ከሥር ይቀራል። የፍራሹ ልብስ ዚፕ ካለው አውልቀሽ ለብቻው እጠቢ። መስገጃቸው ደግሞ ቡቺ በማይደርስበት ክፍል ይሁን፤ ግማሹ ጭቅጭቅ እዚያው ያልቃል።

አራት ሳምንት ንጹሕ ከሆነ በሩን አንቺ ባለሽበት ብቻ ክፈቺ፣ ውጪ ሸንቶ እንደተመለሰ፣ ለግማሽ ሰዓት። አልጋው ላይ ሸራ ይነጠፍ፣ ከአንሶላው በላይ እንጂ በታች አይደለም፤ ቀዝቃዛና የማይመጥ ነገር እግሩ ሲያገኝ ራሱ ይወርዳል። አንዴ ከሸና ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ሸራውን እስከ መስቀል እንዳታነሺው።