ታክስህ ላይ ኔጌቲቭ ከወጣ አይ-864 ላይ ምን ትጽፋለህ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴን ታሪክ የጻፍክ መሰለኝ። «ኡበር ስነዳ የከረምኩበት ገቢ ታክሴ ላይ ኔጌቲቭ ሆኖ ወጣ። ሚስቴ አዲስ አበባ ናት። አይ-864 (ለእሷ የምፈርመው የገንዘብ ዋስትና ፎርም) ላይ ዜሮ ልጻፍ ወይስ 1099ኙ (የዓመቱን ጠቅላላ ክፍያ የሚያሳየው ወረቀት) ላይ ያለውን? አሁን ኤርፖርት በሰዓት 19 ዶላር ተቀጥሬያለሁ» ነው ያልከው። ጠበቃ አይደለሁም። ያለፍኩበትን ልንገርህ።

1099ኙ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳትጽፍ። እኔ የተሸወድኩት እዚያ ላይ ነው። ለ2023 (እ.ኤ.አ.) 46 ሺህ ዶላር የሚል 1099 መጣልኝ፤ ፎርሙ ላይ ያንኑ ሞላሁ። ግን ከዚያ ውስጥ 14 ሺውን ካምፓኒው ቆርጦታል። ታክስ የሠራልኝ ሰውዬ ደግሞ 50 ሺህ ማይል ለመኪና ወጪ በሚፈቀደው 65.5 ሳንቲም አባዝቶ 32,750 ቀነሰ። ለስልክና ለመሳሰለው 1,400 ደረበበት። መጨረሻ ላይ ከዜሮ በታች 2,150 ሆኖ አረፈው። ያኔ «ጎበዝ ታክስ ሠሪ» ብዬ ምሳ ጋብዤዋለሁ! ፎርሙ አንድ ቁጥር፣ ታክሱ ሌላ ቁጥር ሲያወሩ ወረቀቱ ተመለሰልኝ። ሁለት ወር ባከነ።

የሚፈለገው 1040 (የዓመቱ ታክስ ፎርም) ላይ «ቶታል ኢንካም» የሚለው፣ 9ኛው መስመር ነው። ኔጌቲቭ ከሆነ ኔጌቲቭ ነው። በሁለተኛው ዙር የመቀነስ ምልክቱን አድርጌ ያንኑ ጻፍኩ። ታክሱን ከነስኬጁል ሲው (የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚዘረዘርበት ገጽ) አያያዝኩ፤ ኪሳራው ከየት እንደመጣ በአንድ ገጽ አስረዳሁ። ታክሱን አስተካክለህ እንደገና ላክ የሚሉህም አይጠፉም። እውነተኛ ስህተት ካለው ይሁን። በትክክል የነዳኸውን ማይል ለመሰረዝ ከሆነ ግን አትድከም።

ፎርሙ አሁን በዓመት ስንት እንደምታገኝ ለብቻው ይጠይቃል። ለአንተ ዋናው እሱ ነው። 19 ዶላር ፉል ታይም ከሆነ በዓመት 39,520 ይመጣል። በ2025 ለሁለት ሰው የሚጠየቀው፣ የድህነት መስመሩ 125 ፐርሰንት ማለት ነው፣ 26,437 ዶላር ነበር። ታልፈዋለህ። የቤተሰብ ቁጥሩ ላይ ግን ተጠንቀቅ። እናትህን ስፖንሰር አድርገህ አምጥተህ ገና ዜግነት ካልወሰዱ እሳቸውም ይቆጠራሉ። ያኔ በዚያው በ2025 ስሌት 33,312 ይሆናል። የአሠሪህን ደብዳቤና ፔይስታቦችህን አያይዝ። እኔም ወረቀቱን መልሼ ሳስገባ መጋዘን ተቀጥሬ ነበር፤ የጠቀመኝ እሱ ነው።

ሥራው አዲስ ስለሆነ ያለፈውን ታክስ አይተው ጆይንት ስፖንሰር (አብሮህ ዋስ የሚሆን ሰው) አምጣ ሊሉህ ይችላሉ። ከአሁኑ ሰው ፈልግ። ዘመድ መሆን የለበትም፤ አሜሪካ የሚኖር፣ ገቢው የሚበቃ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ይሆናል። እኔ የአክስቴን ልጅ ለመንኩት። እራት ላይ ወረቀቱን ሲያገላብጥ ሚስቱ «ቢፋቱስ?» አለች። ምን ልበል? እውነቱን ነገርኳቸው፤ ፍቺ ከዋስትናው አያወጣም። ሚስቴ ዜጋ እስክትሆን ወይም 40 ሩብ ዓመት ሥራ እስኪሞላላት ድረስ ተጠያቂ ነው። ዝም አለ። እንጀራው እየቀዘቀዘ ነው። ከዚያ «እንግዲህ እንዳትጣሉ» ብሎ ፈረመ።

ባንክ ያለህ ገንዘብም የጎደለውን ሊሞላ ይችላል። ዜጋ ከሆንክ የጎደለውን ሦስት እጥፍ፣ ግሪን ካርድ ከሆነ አምስት እጥፍ መሆን አለበት። ዕቁብ ደርሶህ ትናንት ያስገባኸው ከሆነ ግን ከየት መጣ ያስብላል፤ ማስረጃውን ያዝ።

አንድ የረሳሁት፦ ኤምባሲ ኢንተርቪው የምትገባው ሚስትህ ናት። አሁን የት እንደምትሠራ በደንብ ንገራት። የኔዋ ባልሽ ምንድነው የሚሠራው ስትባል «ታክሲ ነው የሚነዳው» አለች። መጋዘን ከገባሁ አራት ወር ሆኖኝ ነበር። ደግነቱ የአሠሪዬ ደብዳቤ እጇ ላይ ነበር።